ድሬ ላይ ለምትሸጡት ነገር ትክክለኛውን ደምበኛና መሸጫ መንገድ እንዴት ታገኛላችሁ

አቦ ወሬ ሳላበዛ ቀጥታ ልግባበት። ድሬ (ድሬዳዋ) ላይ አዲስ ነገር መሸጥ የጀመረ ሰው "ደምበኛህ ማነው?" ሲባል አብዛኛው የሚመልሰው አንድ አይነት ነው፣ "ሁሉም ሰው"። ሳሙና የሚያመርተው "የማይታጠብ ማን አለ?" ይላል፣ ልብስ የምታመጣው "የማይለብስ ማን አለ?" ትላለች፣ እውነታቸውን ነው፣ ግን "ሁሉም ሰው" የት ሰፈር እንደሚኖር፣ በስንት ሰዓት ከቤት እንደሚወጣ፣ በምን ቋንቋ እንደሚያዋራ፣ ኪሱ ውስጥ ስንት ብር እንዳለ አይታወቅማ። ስለዚ ሰውየው በር ላይ ወንበር አውጥቶ ሁሉም ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል። አይመጣም።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ፦ መጀመሪያ አሁን፣ ዛሬ፣ ለዛ ነገር ወይ ለሚመስለው ነገር ገንዘብ እያወጣ ያለውን ሰው ፈልጉ፣ ከዛ እሱ በለመደበት ቦታና ሰዓት ሄዳችሁ ተገኙለት። ሎጎ፣ ባነር፣ ቴሌግራም ቻናል፣ ሱቅ መከራየት ምናምን ከዛ በኋላ የሚመጣ ነው። ብዙ ሰው ግን ግልብጡን ነው የሚሰራው፣ ብሩን ሎጎና ኪራይ ላይ ይጨርስና ደምበኛ ፍለጋ ሲወጣ ለባጃጅ የሚከፍለው ያጣል።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ እቃ ይዘን እንሂድ፣ የለውዝ ቅቤ። ለውዙ ከባቢሌ ይመጣል፣ ከሐረር ወደ ጅጅጋ ስትሄዱ መንገድ ላይ ያለችው፣ የባቢሌን ለውዝ እዚህ የማያውቅ የለም። ቆልቶ፣ አስፈጭቶ፣ በጠርሙስ አሽጎ የሚሸጥ ልጅ ወይ የቤት እመቤት እናስብ። እናንተ ሳሙናም የሽቲ ቀሚስም ጫማም ብትሸጡ መንገዱ አንድ ነው።

አሁን ማን ነው ገንዘብ እያወጣ ያለው?

የለውዝ ቅቤ "ለሁሉም" ነው ከማለት ወጥተን ማን እየገዛ እንደሆነ ብቻ እንይ። ለልጇ ምሳ እቃ ዳቦ የምትቀባ እናት አለች፣ እሷ አሁን የምትገዛው ማርማላታ ነው። ጂም የሚሰራው ልጅ አለ፣ እሱ ብሩን እንቁላል ላይ ነው የሚያወጣው፣ ካለው ደግሞ ከሱፐርማርኬት የውጪውን የለውዝ ቅቤ ያነሳል። የለውዝ ሻይ የሚያፈሉ ካፌና ጁስ ቤቶች አሉ። ፆመኛ አለ፣ ቅቤና ወተት የማይነካበት ወቅት ላይ ዳቦውን በምን እንደሚበላ የሚጨንቀው። ደግሞ ለዘመድ የሚወስደው ነገር የሚፈልግ ተጓዥ አለ።

አያችሁ፣ አምስቱም የሚገዙት አንድ ጠርሙስ ነው ግን የየራሳቸው ነገር ነው። የናትየው ተፎካካሪያችሁ ማርማላታ ነው፣ የጂሙ ልጅ እንቁላል ነው፣ የካፌው ደግሞ ጓሮ ውስጥ ያለው የራሱ መጥበሻ ነው። ለናትየው "ፕሮቲን አለው" እያላችሁ ብትደክሙ አትሰማችሁም፣ እሷ ማወቅ የምትፈልገው ልጇ ይበላዋል ወይስ ምሳ እቃው ውስጥ እንዳለ ይመለሳል የሚለውን ነው፣ ስኳር አለው የለውም የሚለውን ደግሞ ቀጥላ ትጠይቃለች። ለጂሙ ልጅ ስለ ልጆች ብታወሩ እንደዛው።

ሌላ እዚጋ የሚረሳው፣ የሚበላው፣ የሚወስነውና የሚከፍለው ሰው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ሆቴል ሄዳችሁ ሼፉን አስቀምሳችሁ ሼፉ "ማሻአላህ አሪፍ ነው" ቢላችሁ አልሸጣችሁም። የሚገዛው ግዢ ክፍሉ ነው፣ እሱ ደግሞ ጣዕም አይጠይቃችሁም፣ ደረሰኝ አላችሁ ወይ፣ ቲን ነምበር አላችሁ ወይ፣ ፕሮፎርማ (ቀድሞ በወረቀት የሚሰጥ የዋጋ ማቅረቢያ) አምጡ ነው የሚለው። ንግድ ፈቃድ ሳታወጡ ሆቴልና መስሪያ ቤት ማሳደድ ድካም ብቻ ነው፣ እነሱን ለሁለተኛው ዙር አቆዩአቸው።

አጠያየቅ

ሰው መጠየቅ አለባችሁ፣ ይሄ ግድ ነው፣ ግን እንዴት እንደምትጠይቁ ነው ዋናው። እኛ ሀገር ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ አይደል? "የለውዝ ቅቤ ብሰራ ትገዙኛላችሁ?" ብላችሁ የጠየቃችሁት ሰው በሙሉ አዎ ይላችኋል፣ አይዟችሁ በርቱ ይላችኋል፣ መርቆ ነው የሚሸኛችሁ። ስትሰሩት ግን አንዱም ስልክ አያነሳም። ዋሽቶ አይደለም፣ ፊት ለፊት አልገዛም ማለት ስለሚከብደው ነው።

ስለዚ ስለ ወደፊቱ አትጠይቁ፣ ስላለፈው ጠይቁ። ባለፈው ሳምንት ለልጅሽ ምሳ እቃ ምን ቋጠርሽ? ከየት ገዛሽው? ስንት ሰጠሽ? ለምን ከዛኛው ሱቅ? ያለፈ ነገር ላይ ይሉኝታ አይሰራም፣ የገዛችውን ገዝታለች። ደግሞ እቃችሁን ሳታወጡ ጠይቁ፣ ጠርሙሱን እጃችሁ ላይ ካየች ወሬው ሁሉ ወደ ሙገሳ ይቀየራል።

ለምሳሌ መጋላ አንድ ጁስ ቤት ገብታችሁ፣ ጁስ አዛችሁ (ባዶ እጅ ገብቶ መጠየቅ ደስ አይልም)፣ ባለቤቱን እንዲህ ብታዋሩት፦

"ሀጂ እንዴት ዋሉ፣ አንዴ ላስቸግርዎት፣ ለለውዝ ሻይ ለውዙን ማነው የሚቆላላችሁ?"

"ልጆቹ ናቸዋ፣ ጠዋት ጠዋት።"

"በሳምንት ስንት ኪሎ ይሄዳል?"

"እንደ ሳምንቱ ነው። ፆም ሲገባ ይጨምራል።"

"ሲያርባቸውስ?"

"ይደፋላ ምን ይደረጋል! እሱን ተወው አቦ፣ አታስታውሰኝ።"

እዚች ጋ ነው ጆሮ ማቆም። ሀጂ የለውዝ ቅቤ አማራቸው አይደለም፣ ያቃጠላቸው ያረረው ለውዝና ጠዋት ጠዋት እቃ ከማጠብ ይልቅ መጥበሻ ላይ የሚቆመው ልጅ ነው። ስለዚ ለሳቸው የምትሸጡት "ጣፋጭ የለውዝ ቅቤ" ሳይሆን ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በባልዲ ሆኖ በር ላይ የሚደርስ ነገር ነው። ጠርሙስም ስቲከርም አይፈልጉም። ይሄን ቤት ቁጭ ብላችሁ ብታስቡት አይመጣላችሁም።

ከዛ ፈተናው ብር ነው። "እገዛለሁ" ያለችውን እናት "ቅዳሜ አመጣልሻለሁ፣ ግማሹን አሁን በቴሌብር ላኪልኝ" በሏት። ከላከች ደምበኛ ናት፣ "እሺ እደውልልሃለሁ" ካለች መልሱን አገኛችሁ፣ አትቀየሟት። ዘመድና ጓደኛን ደግሞ ከቁጥር አታስገቡ፣ እነሱ የሚገዙት እናንተን ነው፣ አንዳንዱ ጭራሽ ለቅምሻ ብሎ በነፃ ይወስዳል።

ድሬ ሰዓት አላት

አዲስ አበባ የሚሰራ ምክር እዚህ የማይሰራበት ትልቁ ምክንያት ሰዓት ነው። ከ6 ሰዓት በኋላ ያለውን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ሱቁ ይዘጋጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ በርጫ (ጫት) የሚቀመጠው ይቀመጣል፣ የሚተኛው ይተኛል፣ ከተማዋ መልሳ የምትነቃው ወደ 10 ሰዓት ገደማ ነው፣ ከዛ በኋላ እስከ ማታ ሰው ውጪ ነው። እና 8 ሰዓት ላይ በር የሚያንኳኳ ሻጭ ምን እንደሚባል እኔ አልናገርም። ደግሞ በ8 ሰዓት ስልክ አልተነሳልኝም ብሎ "ደምበኛው ፍላጎት የለውም" የሚል አለ፣ ደምበኛው እንቅልፍ ላይ ነዋ!

እያንዳንዱ ደምበኛ የራሱ ሰዓትና ቦታ አለው። ሀጂን ጠዋት ሥራ ሳይበዛባቸው፣ እናቶችን ልጅ ሲያደርሱና ሲቀበሉ ትምህርት ቤት በር ላይ፣ የጂሙን ልጅ አመሻሽ ላይ ጂሙ ጋ። ቀፊራ ገበያ ጠዋት የምትገዛዋ ሴትዮ በርበሬና አትክልት በየሳንቲሙ ተከራክራ ነው የምትገዛው፣ እዛ ላይ ስቲከር የተለጠፈበት ጠርሙስ ይዛችሁ ብትቆሙ "የሱፐርማርኬት ነገር ነው" ብላ ታልፋችኋለች፣ ያቺው ሴትዮ ግን ከዚራ ሰፈር ካፌ ቁጭ ብላ ብታየው ላትከራከር ትችላለች። ታይዋን የሚባለው ገበያ የሚገባው ሰው ልብስና ኤሌክትሮኒክስ ሊያይ ነው የሚገባው፣ ሀሳቡ ምግብ ላይ አይደለም፣ ግን ከሌላ ከተማ የመጣ ሸማች ብዙ ስለሆነ የስጦታ ነገር ይሄዳል። ሳቢያን የመኖሪያ ሰፈር ነው፣ ቤት ድረስ ማድረስ ይወዳል። እነ መልካ ጀብዱ አካባቢ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የሚሰራውን ደግሞ ከደሞዝ በኋላ ባለው ሳምንት አግኙት፣ ወሩ መጨረሻ ላይ ብትሄዱ ዱቤ ነው የሚጠይቃችሁ። ነፃ የንግድ ቀጠናው ነሐሴ 2014 ሲመረቅ "በቃ ትላልቅ ደምበኞች መጡ" ያለ ብዙ ነው፣ ድርጅት ግን ቅድም እንዳልኩት በግዢ ክፍል ነው የሚገዛ፣ ለትንሽ ሻጭ የሚቀርበው ውስጡ የሚሰራው ሰው ነው።

ተጓዡ ለብቻው ይታይ። ድሬ ራሷ ባቡር ሲመጣ እ.ኤ.አ. በ1902 የተቆረቆረች መንገደኛ ያሳደጋት ከተማ ናት፣ ዛሬም ከሐረርም ከጅጅጋም ከጅቡቲም የሚመጣ የሚሄድ አይጠፋም። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶብስ ሌሊት ነው የሚነሳው፣ ያኔ ሱቅ ዝግ ነው፣ ስለዚ ተጓዥ ስጦታ የሚገዛው ዋዜማውን ማታ ነው። የትኬት ቢሮዎች አጠገብ እስከ ማታ ክፍት የሆነ ሱቅ ውስጥ አምስት ጠርሙስ ማስቀመጥ መነሃሪያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከመዞር ይሻላል። ክዳኑን ግን በደንብ አሽጉት፣ ሻንጣ ውስጥ ዘይቱ የፈሰሰበት ሰው ተመልሶ አይገዛም፣ ለሌላው ሰውም አይመክርም።

አሁን ካልኩሌተር አውጡ

ይሄን ክፍል ሰው ይዘለዋል፣ እባካችሁ አትዝለሉት። ብሩ ምሳሌ ነው፣ የራሳችሁን አስገቡበት። ግማሽ ኪሎ ጠርሙስ ለውዙ፣ ማስፈጫው፣ ጠርሙሱ፣ ስቲከሩ ሁሉ ተደምሮ 220 ብር ያስወጣል እንበል። መሸጫው 350።

በቴሌግራም ለታዘዘ ቤት ድረስ ስትወስዱ ትርፉ 130 ይመስላል። ባጃጅ ኮንትራት 60 ብር ከከፈላችሁ ግን 70 ነው የሚቀረው። በር ላይ ደርሳችሁ ስልክ ያላነሳ ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ የሌላውን ትርፍ በላው ማለት ነው። ግን ያቺኑ ሳቢያንን "ቅዳሜ ቅዳሜ ከ10 ሰዓት በኋላ" ብላችሁ ቀን ብትቆርጡላትና አምስት ትዕዛዝ በአንድ ጉዞ 100 ብር ከፍላችሁ ብታደርሱ ለአንዱ 20 ብር ነው የሚደርሰው፣ 110 ይቀራል። እቃው ያው፣ ደምበኛው ያው፣ 40 ብር ከየት መጣ? ከቀን መቁረጡ።

ሱቅ በ300 ብር ሰጣችሁ፣ እሱ በ350 ይሸጣል። ለእናንተ 80 ይቀራል፣ አስር ጠርሙስ በአንድ ባጃጅ ወሰዳችሁ፣ 800 ሲቀነስ 60፣ 740 ብር። አሪፍ። ግን "ሲሸጥ እከፍላለሁ" ነው የሚላችሁ። ስምንት ተሸጦ ሁለቱ ፀሐይ የሚመታው መደርደሪያ ላይ ተበላሽተው ቢመለሱ፣ የስምንቱ ትርፍ 640፣ ባጃጁ ሲቀነስ 580፣ የሁለቱ ወጪ 440 ሲቀነስ 140 ብር። ለአስር ጠርሙስ! ሱቅ ላይ የሚገድላችሁ ኮሚሽኑ አይደለም፣ የሚመለሰው እቃ ነው።

ሀጂ ጋ ደግሞ ጠርሙስና ስቲከር ስለሌለ ግማሽ ኪሎው 170 ይወርዳል፣ ኪሎው 340 መሆኑ ነው። ኪሎውን በ440 ብትሰጡ ትርፉ 100፣ በሳምንት አምስት ኪሎ ከወሰዱ 500፣ ባጃጅ 60 ሲቀነስ 440 ብር። ለግማሽ ኪሎ ሲሰላ 44 ብር ብቻ ነው፣ እቃ ካልተመለሰ ከሁሉም ያነሰ። ብዙ ሰው ይሄን አይቶ "ጁስ ቤት አያዋጣም" ይላል። ግን ሀጂ በየሳምንቱ ናቸው፣ ፎቶ ማንሳት የለ፣ ኢንቦክስ መመለስ የለ፣ ያልተነሳ ስልክ የለ፣ እጅ በእጅ ከከፈሉ ደግሞ የሚቀጥለውን ሳምንት ለውዝ የሚገዛላችሁ የሳቸው ብር ነው። እኔ ብሆን መሰረቱን እንደ ሀጂ አይነት ሦስት አራት ሰው ላይ አድርጌ፣ ጠርሙሱን ከላይ ለትርፍ እጨምርበታለሁ። የኔ አስተያየት ነው፣ ልብስ ወይ ጌጣጌጥ ላይ ግን እንዲህ አይሰራም፣ ሰው በየሳምንቱ ቀሚስ አይገዛም፣ እዛ ላይ አዲስ ሰው ማምጣት ይበልጣል።

ዱቤ

ዱቤ አልሰጥም ብሎ ድሬ ላይ መነገድ ከባድ ነው፣ ስለዚ ልክ ይኑረው። ለአዲስ ሱቅ መጀመሪያ ሦስት አራት ጠርሙስ ብቻ፣ አስር አይደለም። ቀን ተነጋግራችሁ በዛ ቀን ሂዱ፣ ተሸጠም አልተሸጠም ሂዱ፣ የተሸጠውን ብር ተቀበሉ፣ የቆየውን በአዲስ ቀይሩ፣ የቆየውን ሌላ ቶሎ የሚሄድበት ቦታ ውሰዱት። ያለፈው ሳይከፈል አዲስ አይጨመርም፣ ይሄን መጀመሪያውኑ ሳቅ ብላችሁ ንገሩት፣ በኋላ ከምትጣሉ። ደብተሩ ሁለት ይሁን፣ አንዱ እሱ ጋ አንዱ እናንተ ጋ፣ ሁለቱም ላይ ይፈረም። አቦ እኛ እኮ ወንድማማች ነን ምን ፊርማ ያስፈልጋል የሚላችሁ ካለ እሱኛው ላይ ሁለት ጊዜ አስፈርሙ።

እቃው ደግሞ ራሱ ያውራ። የለውዝ ቅቤ ምንም ካልተጨመረበት ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ ቶሎ ነው። ባለሱቁ ካላወቀ ለደምበኛው "ተበላሽቷል መሰለኝ" ይለዋል፣ አለቀ። ስቲከሩ ላይ "ዘይቱ ከላይ ቢወጣ ጤነኛ ነው፣ አማስለው ይጠቀሙ" የምትል አንድ መስመር፣ የተመረተበት ቀንና ስልክ ካለ ጠርሙሱ ሱቁ ውስጥ ብቻውን ይሸጣል። ትምህርት ቤትና ሆቴል ደግሞ ስለ ጥራት መጠየቃቸው አይቀርም፣ እርጥበት የነካው ለውዝ ሻጋታ ይዞ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊፈጠርበት ይችላል፣ መቁላት ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም፣ ስለዚ ለውዙን ከየት እንደምትገዙ፣ እንዴት እንደምታደርቁትና እንደምትለቅሙት በደንብ መመለስ የሚችል ሰው ነው እነሱ ጋ የሚገባው።

ኦንላይኑ

ቴሌግራም ቻናል ክፈቱ፣ ምንም ችግር የለውም፣ ግን ስራው ምን እንደሆነ እወቁ። ቴሌግራም አንዴ የገዛችሁን ሰው መልሶ ለማምጣት ጥሩ ነው፣ አዲስ ሰው ለማግኘት ደካማ ነው፣ ምክንያቱም ሰው ሊንኩን ወይ ስሙን ካላወቀ ብዙም አይገባም። ሊንኩን ጠርሙሱ ላይ ለጥፉት። ቲክቶክ ደግሞ ግልባጩ ነው፣ አዲስ ሰው ያመጣል ግን ከየት እንደሚያመጣ እናንተ አትመርጡም። አንድ ለውዝ ሲፈጭ የሚያሳይ ቪዲዮ ሺህ ሰው አይቶት ግማሹ አዲስ አበባ፣ ሌላው ጂዳና ዱባይ ቢሆን "ዋው ድሬ ናፈቀኝ" ብሎ ኮሜንት ይፅፋል እንጂ ቅዳሜ ሳቢያን በር አይከፍትላችሁም። ውጪ ያለው ሰው ደምበኛ የሚሆነው እዚህ ላሉ ቤተሰቦቹ ሲያዝ ነው፣ "እናትህ ቤት እናደርሳለን፣ አንተ ከዛ ክፈል" ብላችሁ ብትፅፉ ናፍቆቱ ወደ ትዕዛዝ ይቀየራል።

ዋጋ ፃፉ። "ዋጋ በኢንቦክስ" የሚለው ነገር ሰውን ያናድዳል፣ ውድ ነው ብሎ አስቦ ያልፋል። ዋጋ፣ መጠን፣ የምታደርሱበት ሰፈርና ቀን፣ ስልክ፣ በቃ። ቴሌብርም ሆነ የባንክ ሂሳብ የሚገባበት ስም ከምትሸጡበት ስም ጋር ካልተመሳሰለ ምክንያቱን ቀድማችሁ ንገሩ፣ ሰው ተጭበርብሮ ስለሚያውቅ ስሙ ሲለይበት ይደነግጣል።

ቋንቋው ላይ ደግሞ ድሬ ናት፣ በአማርኛ ብቻ መፃፍ ግማሽ ከተማ መተው ነው። ሁሉንም በሦስት ቋንቋ ፃፉ እያልኩ አይደለም፣ አጭር የድምፅ መልዕክት በኦሮምኛና በሶማልኛ፣ አነጋገሩ የሰፈር የሆነ፣ ይበቃል። ራሳችሁ ካልቻላችሁ ጎረቤት አይጠፋም። ጅቡቲ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር ደግሞ ዋትሳፕ ይኑራችሁ።

ካላንደሩ

የእቃችሁ ገበያ መቼ እንደሚሞቅ አመቱን ዘርግታችሁ እዩት። የለውዝ ቅቤ የፆም ነው፣ ስለዚ የሁዳዴ 55 ቀን፣ የነቢያት ፆም፣ ፍልሰታ፣ ረቡዕና ዓርብ ሁሉ የሱ ነው። ረመዳን ላይ ደግሞ ለሱሁር ሆድ የሚይዝ ነገር ይፈለጋል። ድሬ ሁለቱም ስላላት ካላንደሩ ሞላ ያለ ነው። ቁልቢ ገብርኤል በአመት ሁለቴ ነው፣ ታህሳስ 19 እና ሐምሌ 19፣ ግን ለዚህ እቃ ሁለቱ እኩል አይደሉም፣ የታህሳሱ የነቢያት ፆም ውስጥ ነው የሚውለው፣ ከመላ ሀገሪቱ የሚመጣው ፆመኛ ነው፣ የሐምሌው ግን የፆም ወቅት አይደለም። ስለዚ ለታህሳሱ ትንንሽ ጠርሙስ አብዝታችሁ አዘጋጁ፣ ለሐምሌው ስጦታ ስጦታ የሚመስለውን። ሐረር ደግሞ ከዒድ በኋላ የስድስቱ ቀን ፆም ሲያልቅ ሹዋሊድ የሚባለው በዓል አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ ከመዘገበው ወዲህ እንግዳው ሲመጣ ጀጎል ዙሪያ ያለ ሱቅ ቀድሞ እቃ መያዝ ይፈልጋል፣ ቀድሞ ማለት ግን ዋዜማውን አይደለም፣ ረመዳን ውስጥ ሄዳችሁ ተነጋገሩ።

ማንን ይዛችሁ ማንን ትተዋላችሁ

ለእያንዳንዱ ሽያጭ ደብተር ላይ አራት ነገር ብቻ ፃፉ፣ ማን ገዛ፣ ከየት ሰማ፣ ለእናንተ ስንት ቀረ፣ ተመልሶ ገዛ ወይ። "ከየት ሰማሽኝ?" የምትለዋን ጥያቄ አትርሷት፣ ሁሌም የሚያስገርም ነገር ይወጣል። ከሁለት ወር በኋላ ደብተሩን ገልጣችሁ "ተመልሶ ገዛ" የሚለውን ብቻ በጣታችሁ ውረዱበት። እናቶቹ ተመልሰው ከመጡና የጂም ልጆቹ አንዴ ገዝተው ከጠፉ፣ ጂም በር ላይ የምትቆሙበትን ሰዓት ለትምህርት ቤቱ በር ስጡት። ጂሙን መጥላት አይደለም፣ ምናልባት ዋጋው ወይ ጠርሙሱ ትልቅ ሆኖባቸው ነው፣ ሁለት ሦስቱን ጠይቁና ካልሆነ ተዉት።

ሁሌ የሚከራከር፣ ሁሌ ዱቤ የሚል፣ ሁሌ "ነገ" የሚል ደምበኛ ላይ ደግሞ ዋጋ አትቀንሱለት። ቀንሳችሁ ብትይዙት ለጓደኛውም በዛው ዋጋ ስጡ ይላችኋል፣ ሀጂም አንድ ቀን ይሰሙታል።

ሁለተኛ መንገድ የሚጨመረው የመጀመሪያው ያለናንተ ግፊት ሲሄድ ነው፣ ማለትም ሀጂ ራሳቸው ደውለው "አልቋል እኮ" ሲሉ፣ ሳቢያን ያሉት ቅዳሜን ሳታስታውሷቸው ሲያዙ። ከዛ በፊት ሐረር 55 ኪሎሜትር ብቻ ናት ብላችሁ አትሩጡ፣ ሚኒባሱ ቅርብ ነው ግን ዱቤ ለመሰብሰብ በየሳምንቱ ስትመላለሱ ቅርብ አይደለም። ስትሄዱም በአንድ ሱቅ ጀምሩ፣ ሸዋ በር አካባቢ ሰው የሚበዛበት ቢሆን ጥሩ ነው፣ ቀድሞ የሚከፍል ወይ በቴሌብር እዛው የሚልክ ባለሱቅ ፈልጉ፣ እቃውን ለሚታወቅ ሹፌር ሰጥታችሁ ላኩለት፣ ካርቶኑ ላይ የውስጡን ቁጥር ፃፉና ሲደርሰው ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ተነጋገሩ።